ክሱ በሚገባኝ ቋንቋ ይነበብልኝ

እሑድ፣ ማርች 2፣ 2014

እኔ ሶልያና መንገሻ፣ አሜሪካ ውስጥ የአስፐን ሂል ነዋሪ፣ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ፣ አእምሮዬም ሆዴም ሙሉ ሆኖ፣ ማንም ሳያስገድደኝ የሚከተለውን እናዘዛለሁ። ዛሬ ለሽማግሌዎች ተብሎ ከተጠበሰው የምስር ሳምቡሳ ገሚሱን የበላሁት እኔ ነኝ። እማዬ የሳህኑን ክዳን አንስታ "የማን እጅ ነው?" ስትል ጣቴን ወደ ኢዛና የቀሰርኩትም እኔው ነኝ። ኢዛና ታናሽ ወንድሜ ነው። ምንም ሳይበላም የበላ ሰው ፊት ስላለው ለመከሰስ ይመቻል።

በአማርኛ የምጽፈውም ለዚሁ ነው። ኢዛና አማርኛ ማንበብ አይችልም። እማዬ ደግሞ ፊደል ስታይ የሰንበት ትምህርት ቤት የቤት ሥራ ስለሚመስላት፣ "ጎሽ የኔ ልጅ" ብላ በሩን ቀስ አድርጋ ትዘጋልኛለች። አዲስ አበባ እስከ አራተኛ ክፍል የመማሬ ጥቅም አሁን ታየኝ።

ሽማግሌዎቹ የመጡት ታላቅ እህቴን ስሂንን ለሚካኤል ለመጠየቅ ነው። እኛ ቤት እንግዳ የሚቀመጠው ቤዝመንት፣ ማለትም ምድር ቤቱ ነው። ከቤዝመንቱ ሳሎን ቀጥሎ ልብስ ማጠቢያ ክፍል አለ፤ መሀል ያለው ግድግዳ ከብስኩት አይወፍርም። የልብስ ማድረቂያው ድራየር ላይ ወጥቼ፣ ሳምቡሳዬን ይዤ፣ ሁሉንም ሰማሁ።

ዋናው ሽማግሌ ጋሽ ገላው ናቸው፤ የሚካኤል እናት የእትዬ የሺሀረግ የአገር ሰው፣ እዚሁ አቅራቢያችን ካለው አሌክሳንድሪያ። "ቁጭ በሉ" ሲባሉ "የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰማ አንቀመጥም" ብለው ቆሙ። የጉልበታቸው ቋ ማለት እስከ እኔ ድረስ ይሰማል።

"ልጃችሁን ለልጃችን ብለን መጥተናል።"

አባዬም እንደ ወጉ ጉሮሮውን ጠረገ። "ድንገተኛ ነገር ነው የሆነብን። ከዘመድ ጋር ተመካክረን፣ ከፋሲካ በኋላ መልስ እንሰጣለን።"

ድንገተኛ! አዳራሹ ለጁን ተይዟል። ቬሎው ተመርጧል። እማዬ ለሠርጉ ብላ ዳይት ጀምራ፣ ለሠርጉ ብላ ትታዋለች። ግን ወግ ነውና ሁሉም ደነገጡ፤ ደንግጠውም ሳምቡሳ በሉ። ጋሽ ገላው ሳምቡሳው እስኪመጣ ተኝተው ነበር ልበል? ልበል።

ማክሰኞ፣ ማርች 4

የማስመሰያ ችሎት ክለባችን የዘንድሮውን ጉዳይ አገኘ። አሠልጣኛችን ሚስ ዴሽፓንዴ ታሪክ ታስተምረናለች፤ ድሮ ህንድ ውስጥ ፑኔ ከተማ ጠበቃ ነበረች። "አሜሪካኖቹን በቴሌቪዥን ስላያችኋቸው ሁላችሁም ተዋናይ ሆናችኋል። ዘንድሮ የአገሬን ሕግ ነው የምትሠሩት" አለችን።

ጉዳዩ፣ በጥሎሽ ሰበብ የሞተች ሙሽራ። ጥሎሽ ስል ግን የእኛው ዓይነት አይደለም። እዚያ ሰጪው የሴቷ ቤት ነው። መጠየቁን ሕግ ከከለከለው ስንት ዘመኑ፤ መጠየቁ ግን አልቀረም።

እኔ አቃቤ ሕግ ሆኜ ጠረጴዛ እየመታሁ "ኦብጀክሽን፣ ተቃውሞ አለኝ!" ልል ነበር። ሚስ ዴሽፓንዴ ግን የምንሠራው ክሱ የሚቀረጽበትን ደረጃ ብቻ ነው አለች። ምስክር አይቀርብም። ምስክር ከሌለ ኦብጀክሽንም የለም።

"ታዲያ ምን አለ?"

"ዳኛ አለ። ሁለቱን ወገን ሰምቶ፣ ክሱን ራሱ ቀርጾ፣ ለተከሳሽ የሚያነብ። ዳኛዋ አንቺ ነሽ ሶሊ።"

"ለምን እኔ?"

"ዳኛ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ስለሚል።"

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ይግባኝ እላለሁ።

እሑድ፣ ማርች 9

እትዬ የሺሀረግ ቤት፣ አሌክሳንድሪያ። ሽሮ፣ ጎመን፣ ምክር። ሴትዮዋ አንድ ነገር ከመጠየቃቸው በፊት ነጠላቸውን በትከሻቸው ላይ ከፍ ያደርጉና "እኔ ለራሴ ብዬ አይደለም" ይላሉ። ነጠላው ከፍ ካለ ተዘጋጁ ማለት ነው።

"እኔ ለራሴ ብዬ አይደለም፤ ለልጆቹ ብዬ ነው። ያ የያዛችሁት አዳራሽ ጣሪያው ዝቅ ይላል። የሚካኤል ሚዜዎች ደግሞ ረጃጅም ናቸው።"

ትንሽ ቆይተው ነጠላው ከፍ። "ስሂኔ አዲስ መኪና ገዛች አሉኝ፤ እሰይ። ሚካኤል በባስ ሥራ ሲፈልግ ግን አንጀቴን ይበላዋል። ባልና ሚስት አንድ አካል ናቸው አይደል? ለራሴ ብዬ እኮ አይደለም።"

ጎመኑ ሳያልቅ ነጠላው እንደገና። ስፕሪንግፊልድ ቤት አይተዋል። ብድሩ በስሂን ስም ቢሆን ጥሩ ነው፤ የሚካኤል ክሬዲት፣ የብድር ታሪኩ፣ ትንሽ አሞታል።

"እግዜር ይማረው" አለች እማዬ፤ አመሏ ነው፣ አሞታል ሲባል ሳታስበው ይወጣታል።

ቤዝመንቱን እሳቸው ይይዙታል። ለራሳቸው ብለው አይደለም።

ሚካኤል ለሁላችን ውሃ ቀዳ። እማዬን "እማማ" እያለ፣ አባዬን ኮት እያለበሰ። ጨዋ ልጅ ነው፣ ሁሉም ይላል። ስሂን ወደ ጓዳ ስትሄድ "የት ነሽ?" ይላል፤ ስትመለስ "የት ነበርሽ?" ይላል። ፍቅር መሆን አለበት።

ስንመለስ መኪና ውስጥ አባዬ፣ "በእኛ አገር ይዞ የሚመጣው ወንዱ አልነበር እንዴ?" አለ።

"ዝም በል፣ ልጆቹ ይሰማሉ።"

ልጆቹ ሰሙ። ኢዛና "ሚካኤልን ምን አመመው?" ብሎ ጠየቀ። ስሂን ብቻ ወደ መስኮቱ ዞራለች። ሌላ ጊዜ ብትሆን የእትዬ የሺሀረግን ነጠላ ከእኔ በላይ አስመስላ ታሳየን ነበር።

ሰኞ፣ ማርች 17

ስኖው ዴይ! በረዶ ስለወረደ ትምህርት የለም። የስሂን ስልክ መስተዋቱ ረግፏል። "በረዶ ላይ ወደቀብኝ" አለች። ፋርማሲስት ናት፤ ቀኑን ሙሉ ክኒን ስትቆጥር አንድ እንኳ አይወድቅባትም።

ሐሙስ፣ ማርች 20

ዛሬ ሕጉን በደንብ ያዝኩት፤ እንዳልረሳው ልጻፈው።

ሴቲቱ ካገባች ሰባት ዓመት ሳይሞላ በቃጠሎ፣ በአካል ጉዳት ወይም በሌላ ጤናማ ባልሆነ ሁኔታ ከሞተች፤ ከመሞቷ ጥቂት ቀደም ብሎም ባሏ ወይም የባሏ ዘመድ ለጥሎሽ ብሎ ካሠቃያት ወይም መግቢያ መውጫ ካሳጣት፣ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ዳኛው ክስ ሲቀርጽ "አድርገዋል ወይ?" ብሎ አይጨነቅም፤ እሱ ገና ነው። መዝገቡን አይቶ "መልስ የሚያስፈልገው ጠንካራ ጥርጣሬ አለ ወይ?" ይላል። ከሌለ ያሰናብታል። ካለ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የተበደለውን ሰው ጠቅሶ ክሱን ይጽፋል። ከዚያ ተከሳሹ በሚገባው ቋንቋ አንብቦ "ጥፋተኛ ነህ ወይስ ትከራከራለህ?" ይላል።

እኔ የግድያ ክስም እንዲጨመርበት ፈለግሁ። ሚስ ዴሽፓንዴ መነጽሯን አወለቀች፤ አወለቀች ማለት አለቀልሽ ማለት ነው።

"መዝገቡ ውስጥ ለግድያ የሚሆን ምን አገኘሽ?"

"ምንም፤ ግን ከበድ ይላል።"

"ክስ እንዲከብድ ተብሎ አይጨመርም። የሌለውን አትጨምሪ፣ ያለውን አታሳንሺ። ሥራሽ ይኸው ነው።"

መዝገቡ ፈጠራ ነው፤ ሟቿ ሱኒታ ትባላለች። አማቷ መጀመሪያ ፍሪጅ ጠየቁ፣ ቀጥሎ ሞተር ብስክሌት፣ ቀጥሎ መኪና። የሱኒታ ታናሽ እህት ለፖሊስ የሰጠችው ቃል አለ። "እጇ ተቃጥሎ አየሁ፤ ምጣድ ነክቶኝ ነው አለችኝ። ሌላ አልጠየቅኋትም። የባልና ሚስት ነገር ነው ብዬ።"

"ሴቲቱ እስክትሞት መጠበቅ አለበት እንዴ ሕጉ?" አልኩ።

"አይጠብቅም። በሕይወት እያለች የሚሠራ ሌላ አንቀጽ አለ፤ ባልና ዘመዶቹ ሲያሠቃዩአት የሚከሰሱበት። እሱ ግን አንድ ችግር አለበት" አለች።

"ምን?"

"አንድ ሰው ቀድሞ ሊጠይቃት ይገባል።"

ዛሬ ማንም አልቀለደም። እኔም።

እሑድ፣ ማርች 30

ቆሻሻ ላወጣ ወጣሁ። ስሂንና ሚካኤል በር ላይ ቆመው ያወራሉ፤ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው። ጋራዡ ውስጥ ነበርኩ፤ አልሰማሁም ማለት ይቻላል። "ቁልፉን ስጪኝ አልኩሽ እኮ" የሚለውን ብቻ ሰማሁ። ከዚያ ጠሽ የሚል ነገር። ከዚያ የስሂን መኪና ተነስቶ ሄደ፤ ስሂን ግን እዚያው አለች።

ስልኬ ወደቀብኝ አለችኝ። አብረን ፈለግን። ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ መንገዱን ተሻግሮ ከጎረቤት የፖስታ ሳጥን ሥር። በር ላይ ቆማ የወደቀባት ስልክ አስፋልት ተሻገረ ማለት ነው። ዕቃ ወደ ታች ነው የሚወድቀው ብለውን ነበር፤ ግን ፊዚክስ ሲ ስላገኘሁ አስተያየት አልሰጥም።

ሰሞኑን ሥራ የምትሄደው በባስ ነው። "መራመድ ጤና ነው" አለችኝ።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 3

ልምምድ። አማቲቱን የሚጫወተው ኦላና ነው። ኦላና ቁመቱ የቅርጫት ኳስ፣ ድምፁ የዲያቆን ነው፤ ሌላ ፈቃደኛ ስለጠፋ ነው። "አማት መሆንህን አላመንኩም" አለችው ሚስ ዴሽፓንዴ፣ "እንደ እናት አስመስል።"

ያኔ ነው ሰይጣን በጆሮዬ የገባው። ነጠላ አመጣሁለትና "ከመናገርህ በፊት በትከሻህ ከፍ አድርገው፤ ከዚያ 'እኔ ለራሴ ብዬ አይደለም' በል" አልኩት። ኦላና አዳማ ነው ያደገው፤ አማርኛው ከእኔ ይሻላል። አንዴ አሳየሁት፤ እትዬ የሺሀረግ ክፍሉ ውስጥ ገቡ። ሚስ ዴሽፓንዴ ቃሉ ባይገባትም እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። "እኔ ይህቺን ሴት አውቃታለሁ! ፑኔ ውስጥ ነው የምትኖረው!"

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 9

አባዬ የሜትሮ ባቡር ጣቢያ ተንቀሳቃሽ ደረጃ ጠጋኝ ነው። የማንንም ደረጃ ፈትቶ ይገጥማል፤ ቤት ውስጥ ግን የተበላሸ ነገር ሲያይ ቀስ ብሎ ያልፋል። ዛሬ ኩሽና ያዝኩት።

"አባዬ፣ ስሂንን ለምን አትጠይቃትም?"

"ምኑን?"

"ደህና ነሽ ወይ ብለህ።"

ማንኪያውን አስቀመጠ። "እንዲያ ብዬ ከጠየቅሁ እኮ ሰውዬውን ጠረጠርኩት ማለት ነው። ሽማግሌ ልኮ፣ ቀጠሮ ሰጥተነው። ሰው ምን ይላል?"

"መጠየቅ መፍረድ አይደለም። መልስ ስጡኝ ማለት ነው። ዳኛም ክስ ሲቀርጽ—"

"ሶልያና።"

"አቤት።"

"ያን ዕለት ሳምቡሳውን ማን በላው?"

የቤት ሥራ ነበረብኝ። ወጣሁ።

እሑድ፣ ኤፕሪል 20

ፋሲካ። ዶሮ! ሚካኤል ለስሂን አጎረሳት፤ ሁሉም አጨበጨቡ። አዲስ ስልክ ገዝቶላታል፤ እማዬ መረቀችው። ስልኩ ሲጠራ አንስቶ ማን እንደሆነ ያየው ግን እሱ ነው። እትዬ የሺሀረግ ነጠላቸውን ሁለቴ ከፍ አደረጉ። እኔ ምን አገባኝ። ዳኛ ነኝ፤ ዝም እላለሁ።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 26

ወየው። ወየው። ወየው። ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ፣ እማዬ ደረጃ እየወረደች ነው።

(እዚያው ቀን፣ ክፍሌ ታስሬ)

ችሎቱ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነበር። ቤተሰብ መጋበዝ ይቻላል ተባለ። እማዬ "ልጄ ልትሸለም ነው" ብላ ለወዳጅ ዘመድ ኮል አደረገች። ሽልማት የለውም ብዬ ነገርኳት፤ "ትሑት ናት" ብላ አስወራች። ስለዚህ ሦስተኛው ረድፍ ላይ እማዬ፣ አባዬ፣ ስሂን፣ ሚካኤል፣ ጋሽ ገላው፣ እና ነጠላቸውን የለበሱ እትዬ የሺሀረግ። አበባ ይዘዋል።

መጀመሪያ ደህና ነበር። በእንግሊዝኛ ስለሆነ ጋሽ ገላው ተኙ፤ እትዬ የሺሀረግ ኮርኒሱን አዩ። ተከላካዮቹ "ዕቃ መጠየቅ ከሞቷ ጋር ምን አገናኘው? ይሰናበቱልን" አሉ። አቃቤ ሕግ "ጥያቄው ባሏና አማቷ ሲያንገላቷት አብሮ የነበረ ነው፤ እስከ መጨረሻው ሳምንት አልቆመም" አለች። እኔ አሰብኩ፤ በእውነት አሰብኩ። የመጨረሻው ሳምንት ላይ እህቷ ያየችውን የተቃጠለ እጅ አሰብኩ። ግድያ አልጨመርኩም። "መልስ የሚያስፈልገው ጥርጣሬ አለ" ብዬ ክሱን ላነብ ተነሳሁ።

ያኔ ኦላና፣ ያ ረጅም ውርጋጥ፣ ነጠላውን በትከሻው ከፍ አድርጎ በእንግሊዝኛ፣ "ክብርት ዳኛ፣ እንግሊዝኛ አልችልም። ክሱ በሚገባኝ ቋንቋ ይነበብልኝ" አለ።

ሚስ ዴሽፓንዴን አየኋት። "መብቱ ነው" አለች፤ ደስ ብሏታል።

አነበብኩ። በአማርኛ። ጮክ ብዬ። "አንቺ ሁለተኛዋ ተከሳሽ፣ ሟች ሱኒታን፣ ልጅሽን ካገባች ጀምሮ መጀመሪያ ፍሪጅ፣ ቀጥሎም መኪና ከቤተሰቧ እንድታመጣ በመጠየቅ መግቢያ መውጫ በማሳጣትሽ..." አማርኛ ሲሰማ ሦስተኛው ረድፍ በሙሉ ቀና አለ። ጋሽ ገላው ነቁ። "ጥፋተኛ ነሽ ወይስ ትከራከሪያለሽ?"

ኦላናም፣ "እኔ ለራሴ ብዬ አይደለም! ለልጆቹ ብዬ ነው! መኪናውን ጠይቄ አይደለም፣ ልጄ በባስ ሲሄድ አንጀቴን ስለበላው ነው!"

እማዬ ሳቀች። ሳታስበው ነው፤ እንደ "እግዜር ይማረው"። ከዚያ አፏን ያዘች። እትዬ የሺሀረግ አበባውን ወንበሩ ላይ ትተው ወጡ። ሚካኤል ስሂንን በክንዷ ይዞ ተከተለ፤ የያዘበትን አየሁ። ጠበቅ ይላል።

ሰኞ፣ ኤፕሪል 28

ስልክ ያላነሳ አገር የለም። እትዬ የሺሀረግ፦ "በሰው ፊት ከሰሰችኝ! ነፍሰ ገዳይ አለችኝ!" ነፍሰ ገዳይ አላልኩም፤ ይህን አንቀጽ ሆን ብዬ ነው የተውኩት። እማዬ፦ "ምናለ እንደ ሰው ልጅ ዳንስ ብትማሪ?" የመልሱ ቀን እሑድ ነው፤ እትዬ የሺሀረግ ራሳቸው ከሽማግሌዎቹ ጋር ይመጣሉ። ድንጋይ ተሸክሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ተወስኗል።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ነጠላውን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ሠርጉ ቢፈርስ በእኔ ነው የሚባለው። ባይፈርስ ደግሞ...

ሐሙስ፣ ሜይ 1

ስሂን ክፍሌ መጣች። "በእኔ ሕይወት ለምን ትቀልጃለሽ?" አለችኝ። ልጠይቃት አፌን ከፈትኩ። በልቤ አዘጋጅቼዋለሁ፤ ስልኩ፣ የፖስታ ሳጥኑ፣ ክንዷ። ከአፌ የወጣው፣ "ሳምቡሳውን የበላሁት እኔ ነኝ" ሆነ።

ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ። እየሳቀች ዓይኗን ጠረገች፤ አለርጂ ነው፣ የዛፉ ወቅት ነው። "አውቃለሁ" አለች፣ "ድራየሩ ላይ ፍርፋሪ ነበር። ሁሌም እዚያ እንደምትቀመጪ አውቃለሁ።" ከዚያ በር ላይ ትንሽ ቆመች። እኔም አልጠየቅኋትም። ወጣች።

የሱኒታ እህት ዕድሜዋ ስንት ነበር? መዝገቡ አይልም።

እሑድ፣ ሜይ 4

ይህን የምጽፈው ድራየሩ ላይ ሆኜ ነው። ፊደሌ ከተበላሸ ለዚያ ነው።

ጠዋት ድንጋይ ፍለጋ ወጣን። አስፐን ሂል ውስጥ ለይቅርታ የሚሆን ድንጋይ የለም፤ ያለው ጠጠር ነው። እማዬ ከአበባው ሥር አንድ ትልቅ አንስታ ማጅራቴ ላይ ጫነችልኝ። ቀለለኝ። የቤት ቁልፍ የምንደብቅበት የፕላስቲክ ድንጋይ ነው! ለማንም አልተናገርኩም። ጎንበስ ብዬ፣ እያቃሰትኩ፣ ቁልፉ ውስጡ ቅጭል ቅጭል እያለ ቤዝመንት ወረድኩ።

"ጥፋትሽን ታውቂያለሽ?" አሉ አንደኛው ሽማግሌ።

ይቅርታ ልል ነበር፣ እግዜር ምስክሬ ነው። ግን ስሂን ጥግ ላይ ቆማ አየኋት፤ ሞቆ ሳለ እጅጌዋ ረጅም ነው።

"አላውቅም አባቴ። ክሱ ቀኑና ቦታው ተጠቅሶ፣ በሚገባኝ ቋንቋ ይነበብልኝ።"

እማዬ "ውይ በሞትኩት!" አለች። ጋሽ ገላው አንድ ዓይናቸውን ከፈቱ። "ልጅቱ እውነቷን ነው። የሺሀረግ፣ በይ ክስሽን ተናገሪ።"

"መኪና ጠየቀች ብላ በሰው ፊት አሰደበችኝ!"

"ያ ልጅ ስለ ህንዷ ሴትዮ ነው ያወራው። አንቺ መኪና ጠይቀሻል እንዴ?"

"ጠይቄ አይደለም፣ አሳሰብኩ እንጂ! ለራሴ ብዬም አይደለም!"

"መኪናው ዛሬ የት ነው ያለው?"

እትዬ የሺሀረግ ነጠላቸውን ከፍ አደረጉ።

"ሚካኤል ጋ ነው" አለ አባዬ፣ ቀስ ብሎ። ከዚያ፣ አንዴ ከጀመረ አይቀር፣ "ቤቱም በስሂን ስም ይበደር ተብሏል። አዳራሹም ይቀየር ተብሏል።"

ጋሽ ገላው ሁለተኛውን ዓይን ከፈቱ። "እኔን ልጅ ጠይቅልኝ ብለሽ ነው የላክሽኝ። ሽማግሌ ተልኮ በጓዳ ሌላ መጠየቅ ከመቼ ወዲህ ነው? እኔ በር ላይ ቆሜ ጉልበቴ ሲንቋቋ አንቺ በኋላ በር ዕቃ ታስጭኛለሽ?"

"ጋሽ ገላው!"

"ልጆች ይውጡ" አሉ። ድንጋዬን ይዤ ወጣሁ። ሳህኑንም በመንገዴ ዳሰስ አደረግሁ፤ የሥጋ ሳምቡሳ ነው። አሁን እዚህ ነኝ።

ጋሽ ገላው እያወሩ ነው፦ "አባትን ጠየቅን። እሷን ማን ጠየቃት?"

እማዬ፦ "እሷማ ፈቅዳለች፤ አዳራሹ እኮ—"

"አዳራሹን ነው እንዴ የምታገባው? ነይ ልጄ፣ እዚህ ቅረቢ። ደህና ነሽ?"

ሳምቡሳው እጄ ላይ እየቀዘቀዘ ነው። ጠይቀዋታል። ያንቀላፉ ሲመስሉኝ የነበሩት ሰውዬ ጠየቋት። እኔ ሁለት ወር ሙሉ ያልቻልኩትን።

"ስልኬ አልወደቀም" አለች ስሂን።

"እንዴት?"

"ሁለቴም አልወደቀም። እሱ ነው የወረወረው። ሁለተኛው በጆሮዬ አጠገብ ነው ያለፈው። የችሎቱ ቅዳሜ ደግሞ ክንዴን።" ልብስ ሲሰበሰብ ይሰማኛል። እጅጌዋን ነው።

እማዬ ምንም አላለችም። እማዬ ምንም ሳትል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

እትዬ የሺሀረግ፦ "ተናዶ ነው! ደግሞ የወረወረው ስልክ ነው!"

ጋሽ ገላው፦ "ለዛሬ።"

ወንበር ተገፋ። አባዬ ተነስቷል። "ለምን አልነገርሽኝም ልጄ?"

"ማን ጠየቀኝ አባዬ?"

አሁን ሁሉም በአንድ ላይ ይጮሃሉ፤ መጻፍ አልደርስ አልኩ። "ሠርግ የለም" የሚለው የአባዬ ድምፅ ነው፤ እንዲህ ከፍ ብሎ ሰምቼው አላውቅም። "የመኪናዋን ቁልፍ ዛሬውኑ!" አለ። እትዬ የሺሀረግ "ውሸቷን ነው! ሲወረውር ማን አየ? ማስረጃ የላትም!" እያሉ ነው።

"ምስክር አለኝ" አለች ስሂን። ድምፅዋ የድሮው ነው፤ የሚቀልደው። "ከግድግዳው ጀርባ ድራየሩ ላይ ተቀምጣለች። ስልኩን ከመንገድ ማዶ ያነሳችው እሷ ናት። አሁንም አፏ ሙሉ ስለሆነ ውጣ እስክትጨርስ ታገሷት። ሶልያና!"